ቡናው ዓለምን ዞረ፣ ሞተረኛው ኬላ ላይ ቀረ

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ይህ የትናንት ዜና አይደለም፤ የሁለቱ አገሮች የቆየ ስምምነት ነው። ኬንያ በ2016 ለውጭ ዜጎች በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ አምጥታ ገንዘብ ማስከፈል ስትጀምር እንኳ፣ የቪዛ ስምምነት ያላቸውን ጥቂት አገሮች ከክፍያው ነጻ አድርጋለች። ኢትዮጵያ ከነዚያ አንዷ ነበረች። ሞያሌ ላይ የተሠራውን የጋራ የድንበር መተላለፊያ የሁለቱ አገር መሪዎች ኅዳር 30 ቀን 2013 ሪባን ቆርጠው መርቀውታል። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድም ዛሬ አስፋልት ነው።

ታዲያ ከሚዛን ተፈሪ ሞተሩን አስነስቶ፣ በጅማ፣ በጪዳና በሶዶ ወርዶ፣ ሞያሌን ተሻግሮ ናይሮቢ የሚደርስና የሚመለስ ወጣት ለምን አይታይም?

ይህ ጥያቄ ሚዛን ወይም ቴፒ ቡና እየተጠጣ ቢነሳ መልሱ ሳቅ ነው። «ሞተር ይዞ ናይሮቢ? ምን ሊሠራ?» ይባላል። ሳቁ ራሱ መመርመር አለበት። ያው ሰው ከጀርመን ወይም ከሆላንድ ተነስቶ፣ ሁለት የብረት ሳጥን በሞተሩ ጎንና ጎን አስሮ፣ በበቃ የቡና እርሻን ለማየት ሚዛን የገባ ነጭ ሲያይ አይስቅም። ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ልጆቹን ጠርቶ ያሳያል። አህጉር በሞተር ማቋረጥ ለፈረንጁ ጀግንነት፣ ለአገሬው ልጅ ግን እብደት የሆነው መንገዱ ስለከበደው አይደለም። የበበቃን ጭቃ በክረምት የለመደ ሞተረኛ የኬንያ አስፋልት አያስፈራውም። የከበደው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን ያከበደው ደግሞ የጎረቤት አገር ሳይሆን የራሱ አገር ነው።

በደቡብ ምዕራብ ሞተር ሳይክል ምን እንደሆነ ለማያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከሚዛን እስከ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስ አለ። ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌ ስትገነጠል ግን ሚኒባሱ የለም፤ ባጃጁም ዳገቱን አይወጣም። ምጥ የያዛት ሴት በሞተር ነው ጤና ጣቢያ የምትደርሰው፤ ከኋላዋ አንድ ሰው ደግፏት፣ ሦስት ሆነው። መምህሩ በሞተር ይመላለሳል። ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ፓናል፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የበሽተኛ መድኃኒት፣ የሠርግ ፍየል ሁሉ በሞተር ይሄዳል። ቡናው ሲደርስ ደግሞ እሸቱ በጆንያ ታስሮ ወደ መፈልፈያ፣ ጀንፈሉ ወደ ገበያ የሚወርደው በዚሁ በቦክሰርና በቲ.ቪ.ኤስ ነው። አካባቢው በሁለት ጎማ የሚኖር አካባቢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሰው የመጀመሪያውን ድንበር የሚያገኘው ሞያሌ ላይ አይደለም። ከቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ገመድ የተዘረጋበት ኬላ አለ። ኬላው ላይ የሚጠየቀው መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ሦስተኛ ወገንና ቦሎ ነው፤ ይህስ ይሁን፣ በየትኛውም አገር የሚጠየቅ ነው። ቡና ከጫነ ግን መሸኛ ይጠየቃል። ቡና በአገሪቱ ውስጥ እንኳ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወረው በወረቀት ነው። መሸኛ የሌለው ቡና ሕገ ወጥ ቡና ይባላል፤ ሊወረስ ይችላል። ገበሬው የራሱን ዛፍ ፍሬ ጭኖ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ሲሻገር እንደ ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ይፈተሻል። እንግዲህ ገና ከሸኮ ሳይወጣ ነው።

ሁለተኛው ድንበር አዲስ አበባ ናት። ከ2011 ክረምት ጀምሮ የከተማዋ አስተዳደር ፈቃድ ካገኙ ጥቂት ድርጅቶች በስተቀር ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ከልክሏል። ምክንያቱ ወንጀል ነበር፤ በሞተር ሆነው ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ፣ ከዚያም የከፋ የሚሠሩ ነበሩ። ችግሩ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ወንጀለኛውን ሳይሆን ጎማውን ማሰር ሆነ። ውጤቱን አስቡት። ኤምባሲው ያለው አዲስ አበባ፣ የኢሚግሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አዲስ አበባ፣ የጉምሩክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አዲስ አበባ። ሞተሩን ይዞ ከአገር ሊወጣ ወረቀት የሚፈልግ የሚዛን ሰው ሞተሩን ወረቀቱ ወዳለበት ከተማ ማስገባት አይችልም። 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ መጥቶ ከተማዋ አፋፍ ላይ ማቆም አለበት።

ሦስተኛው ድንበር ፓስፖርቱ ነው። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነሐሴ 2016 ላይ የመደበኛ ፓስፖርት ዋጋ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አሳደገ። በ2 ቀን የሚደርስ አስቸኳይ የፈለገ 25,000 ብር ይከፍላል። ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2017 መጀመሪያ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 4,760 ብር ይሆናል ተብሎ እንደ ትልቅ ጭማሪ ታወጀ። ያኔ ጭማሪውም ተደርጎ፣ የወር ደመወዙን አንድ ሳንቲም ሳይበላ ቢያስቀምጥ፣ አንድ ደብተር አይገዛለትም ነበር። ፓስፖርት የዜግነት ሰነድ መሆኑ ቀርቶ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ገንዘቡን የከፈለ ሰው ደግሞ ከሚዛን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ የሚመላለስበት የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ አለበት፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የማይጻፍ ወጪ ነው።

እሺ ፓስፖርቱ ተገኘ እንበል። ሞተሩስ?

እዚህ ላይ ፈረንጁ እንዴት እንደሚያልፍ ማየት ይጠቅማል። ከአውሮፓ የሚነሳ ሞተረኛ ካርኔ የሚባል ደብተር ከአገሩ የአውቶሞቢል ማኅበር ይዞ ይወጣል። ለሞተር የተሠራ ፓስፖርት ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩን አገር ውስጥ አስገብቶ ሳይሸጥ እንደሚያወጣው ማኅበሩ ዋስ ይሆናል፤ ባለሞተሩም ለማኅበሩ ገንዘብ ያስይዛል። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ቁራጭ አለው። ሲገባ አንዱን ጉምሩክ ቆርጦ ያስቀራል፣ ሲወጣ ሌላውን፣ ሦስተኛው ማኅተም ተደርጎበት ከደብተሩ ጋር ይመለሳል። በቃ። ቀረጥ የለም፣ ክርክር የለም። አንዳንድ አገር ካርኔ ባይጠይቅም ድንበሩ ላይ በአንድ ገጽ ጊዜያዊ ማስገቢያ ያሳልፋል። ኬንያም ለውጭ ታርጋ ጊዜያዊ ፈቃድ ትሰጣለች።

ይህ ረቂቅ ጥበብ አይደለም። ዋስ መጥራት ነው። በሚዛን ገበያ እቁብ የሚጥል ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቀድሞ የወጣለት ሰው እንዳይጠፋ ዋስ ያቀርባል። ልዩነቱ ጀርመናዊው ዋስ የሚሆንለት ማኅበር አለው፣ የቴፒው ሞተረኛ የለውም።

በ1999 ተዋናዩ ዩዋን ማክግሪገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነስተው በቢ.ኤም.ደብሊው ሞተር እስከ ኬፕታውን ወረዱ። በሱዳን አድርገው ኢትዮጵያ ገቡ፣ በሞያሌ ወጡ፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ሩዋንዳን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን፣ ዛምቢያን አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ደረሱ። በቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ ወጣ፣ መጽሐፍ ሆነ፣ ሚሊዮኖች አዩት። የያኔው የሞያሌ መንገድ ድንጋይና አቧራ ነበር፤ ጎማ ይበላ ነበር። ዛሬ አስፋልት ነው። መንገዱ ተሻሻለ፤ የሚሄድበት ኢትዮጵያዊ ሞተረኛ ግን አልበዛም።

ይብሱን የሚያስገርመው የኦሞራቴው መንገድ ነው። ከሞያሌ ሌላ በደቡብ ኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚወርድ መንገድ አለ፤ የአህጉር አቋራጭ ሞተረኞች የሚመኙት። ኦሞራቴ ላይ የኢትዮጵያ ኢሚግሬሽን የመውጫ ማኅተም ይመታል። ማዶ ኬንያ ስትገባ ኢሌሬት ላይ የሚገኘው የፖሊስ ጣቢያ ነው። ኢሚግሬሽንም ጉምሩክም ስላልነበረ ልማዱ ፈረንጁ ፖሊስ ጋ ስሙን አስመዝግቦ፣ የመግቢያ ማኅተም ሳይኖረው በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር በረሃ አቋርጦ፣ ናይሮቢ ከደረሰ በኋላ ቢሮ ሄዶ «ገብቻለሁ» ማለት ነበር። ማኅተም ይመቱለታል። ሻይ ሳይጋብዙት አይቀሩም።

አሁን በዚያው በረሃ ማኅተም የሌለው የ20 ዓመት ኢትዮጵያዊ ይገኝ። ሕገ ወጥ ስደተኛ ነው። እስር ቤት ነው። ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ ወደ ሞያሌ መልሶ መጣል ነው። አንድ በረሃ፣ አንድ ጥፋት፣ ሁለት ሕግ።

የማክግሪገርን መንገድ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ በብዛት ይሄዱበታል። በሞተር አይደለም። የሐድያና የከምባታ ልጆች፣ ከእነሱም ጋር የሌላው ደቡብ ልጆች፣ በሞያሌ ወጥተው በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊ፣ በዛምቢያ ወይም በሞዛምቢክ አድርገው ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ይወጣሉ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ ከማላዊ የመጣ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሬሳ ተገኘበት፤ 14 ሰው በሕይወት ወጣ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጥቅምት 2015 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015፣ ከሉሳካ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር የ27 ሰዎች ሬሳ ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተጠረጠረ። ማላዊና ዛምቢያ። ሁለቱ ፈረንጆች በካሜራ ፊት እየሳቁ ያለፉባቸው አገሮች ናቸው።

«ሞተር ይዞ መሄድ የቅንጦት ወሬ ነው፣ ሕዝቡ ዳቦ አጥቶ» የሚል ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ለአንድ ወጣት በኮንቴይነር የሚያስኬደው ደላላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ይቀበላል። ገንዘቡ አለ ማለት ነው። በሬ ተሽጦ፣ የቡና ማሳ ተይዞ፣ ዘመድ ተለምኖ ይገኛል። ያ ገንዘብ ሞተርም ይገዛል፣ ፓስፖርትም ያወጣል፣ ናይሮቢ ደርሶ ገበያውን አይቶ ለመመለስም ይተርፋል። የሌለው ገንዘብ አይደለም። ሕጋዊው መንገድ ከሕገ ወጡ መንገድ የበለጠ ስለሚያደክም ነው ልጁ ደላላውን የሚመርጠው። ደላላው ኬላ ላይ የሚያወራውን ያውቃል፣ ቀጠሮ አያስጠብቅም፣ «ሲስተም የለም» አይልም። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሕገ ወጥ ሰው አሻጋሪን በከባድ እስራት ይቀጣል፤ መልካም። የደላላው ደንበኛ ለምን እንደማያልቅ ግን አዋጁ አይጠይቅም።

ደቡብ ምዕራብ ሁልጊዜ እንዲህ ዝግ ጓዳ አልነበረም። ይህን የማያስታውስ ሰው የአካባቢውን ድህነት የተፈጥሮ አድርጎ ያየዋል። በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1894 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎ የወረደ ቡና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ፣ ነጭ ዓባይ ገብቶ ካርቱም ይደርስ ነበር። ጣቢያው እስከ 1949 ቆይቷል። ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። ማጂ! ዛሬ የማጂ ሰው አዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ቀን የሚያስብበት ቦታ፣ ያኔ የውጭ አገር ቆንስል ተቀምጦበት ደብዳቤ ይጻጻፍበት ነበር።

ጌሻም በዚያው በር ወጣ። በ1920ዎቹ፣ በቀድሞው ቤንች ማጂ ከሚገኘው የጌሻ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በእንግሊዙ ቆንስል በኩል ወደ ኬንያ ተላከ። ከኬንያ ታንዛንያ ሊያሙንጉ ምርምር ጣቢያ ገባ። ከዚያ በፈረንጆች 1953 ኮስታሪካ፣ በኋላም ፓናማ ደረሰ። በፈረንጆች 2004 የፓናማ ጨረታ ላይ ኤስሜራልዳ የተባለ እርሻ አቅርቦት ዓለምን አነጋገረ፤ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፣ በጊዜው ያልታየ ዋጋ ነበር። በ2025 ጨረታ የዚያው እርሻ አንድ ኪሎ ከ30,000 ዶላር በላይ አወጣ። ስሙን እንኳ ጊሻ ነው ጌይሻ እያሉ ከጃፓን ሴቶች ጋር ያምታቱታል፤ ይሁንላቸው። ዘሩ ስንት ድንበር ተሻገረ? ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ኮስታሪካ፣ ፓናማ። መሸኛ የጠየቀው አልነበረም። የዘሩ ባለቤቶች የልጅ ልጅ ግን ያንኑ ቡና ጭኖ ከጌሻ ሚዛን ሲመጣ ገመድ ፊት ይቆማል።

እዚህ ላይ የሚመጡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁ አይገባም።

አንደኛው ኮንትሮባንድ ነው። ሞተር ድንበር እንዲሻገር ከተፈቀደ ነዳጅ፣ ቡና፣ መሣሪያ ይዞ ይወጣል፣ ታርጋ የሌለው ሞተር ይዞ ይገባል ይባላል። አሁን አይገባም እንዴ? አሁን ያለው ክልከላ የሚያስቆመው ስሙን አስመዝግቦ ሊሄድ የሚፈልገውን ነው። ኮንትሮባንዲስቱ ሞያሌ ላይ ተሰልፎ ማኅተም አይጠይቅም፤ ጫካውን ያውቀዋል። ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የመመለሻ ቀኑ ተጽፎ የወጣ ሞተር ካልተመለሰ ተጠያቂው ይታወቃል። ያልተጻፈውን ማን ይጠይቃል?

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ይህ ቀልድ የለውም። በቴፒ፣ በጉራፈርዳና በሸኮ ባለፉት ዓመታት ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። በዲማ በኩል የደቡብ ሱዳን ድንበር ከብት የሚዘረፍበትና ሕፃናት የሚታፈኑበት ነው። በመተማ በኩል ደግሞ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፤ የካይሮው መንገድ ተዘግቷል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው «ሁሉም ድንበር ዛሬውኑ ይከፈት» አይልም። ነገር ግን ሞያሌ ተከፍቷል። ሞያሌ ላይ ጦርነት የለም፣ ቪዛ የለም፣ መንገዱ አለ፣ ሕንጻው አለ። የዲማን ችግር ለሞያሌ መዝጊያ ሰበብ ማድረግ ለሥራ ስንፍና የተሰጠ የክብር ስም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «አቅም የለንም፣ አሠራሩ የለም» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ ደካማው ነው። በየቀኑ ኮድ 3 ታርጋ ያላቸው የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ጅቡቲ ገብተው ይወጣሉ። አሽከርካሪው፣ መኪናው፣ ጭነቱ ሁሉ በወረቀት ነው የሚሻገረው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ ኢትዮጵያ በሥርዓቱ ውስጥ ናት፣ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ይሰጠዋል። በዚያ ካርድ ኬንያም፣ ኡጋንዳም፣ ታንዛንያም፣ ዛምቢያም፣ ማላዊም የደረሰ አደጋ ይሸፈናል። አሠራሩ አለ፤ ለ40 ቶን መኪና ተሠርቶ ለ125 ሲሲ ሞተር አልወረደም። ለደቡብ ሱዳን ከፓጋክ የሚነሳ 220 ኪሎ ሜትር መንገድ እንድትሠራ 738 ሚሊዮን ዶላር ብድር ለመስጠት ምክር ቤት ያጸደቀ መንግሥት፣ አንድ ገጽ ቅጽ ማሳተም አቃተኝ ሊል አይችልም። መንገዱ ለነዳጅ ቦቴ ነው። በቦቴው ኋላ የሚሄደው ሞተረኛ በዕቅዱ ውስጥ የለም።

ጎረቤቶቹ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ለማየት ቡሲያን ማየት ይበቃል። ቡሲያ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ያለች ከተማ ናት። በሁለቱ ኬላዎች መካከል ያለው ባዶ መሬት በእግር ሲሄዱት ስለሚረዝም፣ ከ50 ዓመት በፊት ብስክሌት ያላቸው ልጆች «ቦርደር! ቦርደር!» እያሉ ተሳፋሪ ይጠሩ ነበር። ቦዳ ቦዳ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። ዛሬ በመላ ምሥራቅ አፍሪካ የተሳፋሪ ሞተር ስሙ ቦዳ ቦዳ ነው፤ ስሙ ራሱ ድንበር ማለት ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2006 ወዲህ ዜጎቻቸው በመታወቂያ ብቻ እንዲሻገሩ ፈቅደዋል። የኡጋንዳ ሞተረኛ ከድንበር ማዶ ያለውን ገበያ ያውቀዋል፤ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደሚረክስ፣ ቡና ስንት እንደሚሸጥ በዓይኑ አይቷል። የሚዛን ሞተረኛ የሚያውቀው ደላላው የነገረውን ነው።

የአፍሪካ ኅብረት የነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል የጸደቀው ጥር 2010 ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገር ማጽደቅ አለበት፤ ያጸደቁት ግን 4 ብቻ ናቸው፤ ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊ፣ ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ። የኅብረቱ መቀመጫ የሆነችው አገር ከ4ቱ ውስጥ የለችም። ኢትዮጵያ ከጥቅምት 30 ቀን 2011 ጀምሮ ለአፍሪካውያን ሁሉ ሲደርሱ ቪዛ እሰጣለሁ ብላለች፤ የሚያስመሰግን ነው። ሌላው እንዲገባ በሩን ከፍቶ የራስን ልጅ በጓሮ እንዲወጣ መተው ግን ምን ዓይነት እንግዳ ተቀባይነት እንደሆነ ለማስረዳት ይከብዳል።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ዝርዝሩ አጭር ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን በግል ስም ለተመዘገበ ሞተር ሳይክል ጊዜያዊ የመውጫ ወረቀት ያዘጋጅ፤ ለ30 ወይም ለ60 ቀን፣ የሻንሲ ቁጥር ተጽፎበት፣ በዋስ ወይም በማስያዣ። ከማስያዣውም እቁብና ማኅበር ያላቸው ሞተረኞች በማኅበራቸው ዋስ ሆነው እንዲቀርቡ ይፈቀድ፤ አውሮፓ የተደረገው ይኸው ነው። ወረቀቱን ለመውሰድ አዲስ አበባ መግባት አያስፈልግ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 2014 ሲመሠረት መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ አከፋፍሏል። አራት ዋና ከተማ ያለው ክልል አንድ የጉምሩክ መስኮት የሚያስቀምጥበት ክፍል አያጣም። መድን ድርጅት ቢጫ ካርዱን ለሞተርም በሚዛን ቅርንጫፍ ይሽጥ። ፓስፖርቱም ወደ 2,000 ብር ይመለስ፤ ካልተመለሰም ቢያንስ ገንዘቡን ከፍሎ የሚጠብቀው ሰው መቼ እንደሚወስድ ይነገረው።

አዲስ አበባም ሞተሩን በጅምላ ከመከልከል ወደ መመዝገብ ትመለስ። ወንጀል ለሠራ ወንጀለኛ ሕግ አለ።

ይህን የሚጠይቅ ከቤንች ሸኮና ከሸካ ተመርጦ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው አለ። ለብድሩ እጅ ሲወጣ እሱም ነበር። የጉምሩክ ኮሚሽነሩ ሪፖርት ይዞ ሲቀርብ፣ የተያዘው ኮንትሮባንድ በቢሊዮን ብር ሲነበብ፣ አንድ ጥያቄ ማንሳት ይችላል፤ ባለፈው በጀት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ሞተሩን ይዞ ወጥቶ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? ቁጥሩ ይነገር። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ይባል፤ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል። ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው፣ ደላላውም ከሞያሌ ስልክ የሚደውለው በዚያው ሰሞን ነው።